የመሪጌታ ሳጥን

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። የነወለተ ሩፋኤል ቤት ጉድ ግን ወር ዘግይቶ፣ ጥቅምት ሁለተኛው እሑድ ላይ ደረሰ። ይማርሽ ከቅዳሴ መልስ እህቷ ቤት ጎራ ብላ፣ ጓዳ ውስጥ ለምሳ የሚሆን ሽንኩርት ትልጣለች። ከግድግዳው ማዶ፣ ሳሎን ውስጥ፣ እህቷ ወለተ ሩፋኤል ልጇን ሰውአገኝን ስትመክረው ይሰማታል። "ስማኝ ልጄ" ትለዋለች፣ "ሌባው ወንድምየው ካልሆነ ይኼን ፊልም ማን ያምንሃል? ላሊበላ እኮ ነው ያለኸው። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ታሪክ ልትገለብጥበት ነው?" ልጁ ሳቅ አለና "እማዬ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ከሰው ጋር ታይዋለሽ" አላት። የይማርሽ ቢላዋ ሽንኩርቱን ስቶ አውራ ጣቷን ነካት። ደም እንኳ አልወጣትም፤ እሷ ግን ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተች።

ፊልሙ «ሲጢጥ» ይባላል። ሰውአገኝ በሙያው የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ ነው፤ ሃያ ሰባት ዓመቱ፣ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፣ ያለው አንድ ካሜራና ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ነው። ሐሳቡን ያገኘው ከሰባት ዓመት በፊት፣ በአያቱ በመሪጌታ ገብረመስቀል ተዝካር ላይ፣ ድንኳን ውስጥ ጠላ ሲቀዳ ሁለት ባልቴቶች ሲንሾካሾኩ ሰምቶ ነው። ነገሩ አጭር ነው። መሪጌታ ካባታቸው የወረሱት የብር መስቀል ነበራቸው፤ የሚያኖሩትም ከራስጌያቸው በሚቀመጥ የዋንዛ ሳጥን ውስጥ ነው። የሳጥኑ ቁልፍ ግድግዳው ላይ፣ ከዳዊታቸው ማኅደር ጎን፣ ለሁሉም እየታየ ይንጠለጠላል። ቁልፉ ለይምሰል ነው፤ የሳጥኑ ጠባቂ ድምፁ ነበር። ክዳኑ ሲነሣ ሲጢጥ ብሎ ጎረቤት ይቀሰቅሳል፤ መሪጌታም ሆን ብለው ማጠፊያውን ዘይት አስነክተውት አያውቁም። አንድ ጧት መስቀሉ ጠፋ። መሪጌታ አወጡ አወረዱና እንዲህ ብለው ፈረዱ፦ "እኔ አጠገቡ ተኝቼ ሳጥኑ ቢከፈት እሰማ ነበር። እንግዲያ የተከፈተው ማኅሌት በቆምሁበት ሌሊት ነው። ያን ሌሊት ሴቶቹ ከኔ ጋር ቤተ ክርስቲያን ነበሩ፤ ቤት የቀረው ደባሱ ብቻ ነው።" ይህን ቤታቸው ተናግረውት ቢሆን ደግ ነበር። የተናገሩት ግን ሰንበቴ ላይ ነው፣ ዳቦው ተቆርሶ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት። አንድዬ ወንድ ልጃቸው ደባሱ በነጋታው ኩልመስክ ገብቶ ቀረ። እዚያው አገባ፣ እዚያው ያርሳል። ላሊበላ የመጣው ለአባቱና ለእናቱ ቀብርና ተዝካር ብቻ ነው፤ ያኔም ከዳር ቆሞ ተመለሰ።

መስቀሉን የወሰደችው ይማርሽ ነበረች። ይኸው ነው፤ እኔ እንደ ሰውአገኝ የሰው ልብ አላንጠለጥልም። ያኔ ሃያ ዓመቷ ነው። ደሴ ኮሌጅ ገብታ መምህርት ልትሆን ፈለገች፤ አባቷ "ሴት ልጅ ለብቻዋ ደሴ አትሄድም" አሉ፤ ባሉበት ጸኑ። ይማርሽ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ ከዚያ ሳጥን ስኳር ስትሰርቅ ነው ያደገችው። ክዳኑን እንዴት ዝም እንደሚያሰኙት ታውቃለች፦ በግራ ጉልበት ሳጥኑን ደገፍ፣ ክዳኑን መጀመሪያ ወደ ታች ጫን፣ ከዚያ ወደ ራስ ሳብ አድርጎ ቀስ። አባቷ አጠገቡ እያንኮራፉ መስቀሉን አወጣችና ወልድያ ላንድ አንጥረኛ በመያዣ ሰጥታ የትምህርቷን ገንዘብ ወሰደች። ቤተሰቡን "አንዲት ፈረንጅ ልታስተምረኝ ነው" አለች። ላሊበላ ውስጥ ይህን የማያምን የለም፤ በየሰፈሩ ፈረንጅ ያስተማረው ልጅ ሞልቷል፤ አባቷም ፈረንጅ ሲባል ለቀቁ። ስሟ ማን ነው ቢሏት አፏ ላይ የመጣላትን "ማርጋሬት" አለች። የነብርን ጭራ አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም። እናቷ ለማርጋሬት በርበሬ አስፈጭታ "ላኪላት" አለች፤ ለገና ትመጣለች ብላ ሁለት ዓመት አልጋ አነጠፈች፤ ማርጋሬት ወባ እንዳይዛት ስእለት ተሳለች። ይማርሽ ሲጨንቃት በሦስተኛው ዓመት ማርጋሬትን ገደለቻት። እናቷም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጠች። ይማርሽ ተመርቃ በመጀመሪያ ደሞዟ መስቀሉን ላስመልስ ብላ ወልድያ ብትሄድ፣ አንጥረኛው አቅልጦ ጉትቻ አድርጎታል። ከዚያ ወዲያ እነግራለሁ፣ ዛሬ እነግራለሁ፣ ነገ እነግራለሁ ስትል አባቷ ሞቱ፣ እናቷም ተከተለች፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሞላ።

ሰውአገኝ ይህን አያውቅም። እሱ የሚያውቀው "ሰውን የሚያስጨንቀው ማየት ሳይሆን መጠበቅ ነው" የሚለውን ነው፤ እሱንም የተማረው ከስልኩ ነው። ታሪኩን በባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ጻፈ፣ ስሞቹን ቀየረ፣ ሲሰርዝ ሲደልዝ ሁለት ዓመት ፈጀ። ለብርሃን ቆርቆሮ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ለብዶ የጧቱን ፀሐይ በመስኮት አስገባ፤ ለድምፅ የእናቱን ብርድ ልብሶች ግድግዳው ላይ ሰቀለ። ብርድ ልብስ የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ አይመልስም መቼስ፤ ስብከት ሲጀመር ሥራ ይቆማል፣ ስብከቱ ሲያበቃ የጎረቤት አህያ ትረከባለች። ወንድምየውን ሆኖ የሚሠራው ደሳለ ባለባጃጅ ነው፤ ደንበኛ ከደወለለት ልቅሶውን ሳይጨርስ ጥሎ ይሄዳል። የሳጥኑን ሲጢጥታ ብቻ አርባ ጊዜ ቀርጾታል፣ አንዴ ከሩቅ፣ አንዴ ከቅርብ፣ አንዴ ማይኩን ሳጥኑ ውስጥ ከቶ። ለእያንዳንዱ ተዋናይ የሚሰጠው የራሱን ገጽ ብቻ ነው። ሌባው ማን እንደሆነ ከተዋንያኑ አፍ እንዳይወጣ፣ አራቱንም ተጠርጣሪዎች ተራ በተራ፣ ሌላውን ከግቢ እያስወጣ፣ ሳጥኑን ሲከፍቱና መስቀሉን ሲያወጡ ቀረጻቸው። አራት ሌባ ቀርጾ አንዱን ሊያስቀር ነው። ደግነቱ ተንኮሉን ፊልም ላይ አዋለው እንጂ፣ ይኼ ልጅ ሌላ ሥራ ቢይዝ አገር ያምስ ነበር።

የይማርሽ ተራ የደረሰው ሰኔ ላይ ነው። እህትየውን ሆና ነው የምትሠራው። ክፍሉ ያው አባቷ ይተኙበት የነበረው፣ ዛሬ ወለተ ሩፋኤል የምትኖርበት ቤት መኝታ ክፍል፣ ሳጥኑም ያው ሳጥን ነው፤ አባትየውን የሚሠሩት ሽማግሌ አልጋው ላይ የምር እንቅልፍ ወስዷቸው ያንኮራፋሉ። ሰውአገኝ "ጀምሪ" አላት። እጇ አላማከራትም። ጉልበቷ ሳጥኑን ደገፈ፣ መዳፏ ክዳኑን ጫነ፣ ሳበ፤ ክዳኑ ትንፍሽ ሳይል ተነሣ። መስቀሉን አውጥታ ስትጨርስ ሰውአገኝ ከካሜራው ጀርባ ቀና አለ።

"አክስቴ፣ ሳጥኑ አልጮኸም እኮ።"

"ይደገም?" አለችው።

ትንሽ አሰበና "ተዪው" አላት። አራት ወር ሙሉ ያቺ "ተዪው" ከሆዷ አልወጣችም። ወንድምየው ሌባ ሆኖ ከቀረበ ደባሱ ባገሩ ሰው ፊት ሁለተኛ ሊዋረድ ነው። እሷ ከሆነች ደግሞ ያ የደበቀችው ጉልበት፣ ያ የደበቀችው መዳፍ ላንድ ከተማ ሊታይ ነው። የትኛውን እንደምትመኝ ራሷም አታውቀውም፤ ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ግን ከአራቱ አንዱ ሌባ ሆኖ መታየቱ አይቀርም።

አምስት ተኩል ላይ መናኸሪያ ወረደች። ደባሱን የጠራው ሰውአገኝ ነው፤ እናቱ ይህን ስትሰማ ሦስት ቀን አኩርፋዋለች። ደባሱ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ የባቄላ እሸት በማዳበሪያ አንጠልጥሎ ከሚኒባሱ ወረደ። ከሷ በስድስት ዓመት ነው የሚበልጣት፣ የሚያየው ሰው ግን በአሥራ ስድስት ይበልጣታል ይላል። ጉንጯን አገላብጦ ሳማት፣ ስለ ተማሪዎቿ ጠየቃት፣ ስለ ዝናቡ ነገራት። ባጃጅ ቢይዙ ሾፌሩ መቶ ብር አለ። ደባሱ "መቶ ብር? ዳገቱን ልትሸጥልን ነው?" ብሎ ሰማኒያ ላይ አወረደውና፣ እሸቱን ጭኑ ላይ አስቀምጦ እስኪደርሱ ድረስ ቤቱንም ሰዉንም እያየ ሄደ። አዲስ የተሠሩትን ሆቴሎች፣ አዲስ የተዘጉትንም እያየ "ይገርማል" ይላል፣ ለማን እንደሚለው ሳይታወቅ።

የወለተ ሩፋኤል ሳሎን ሁለት ሶፋ፣ ዳንቴል የለበሰ ቴሌቪዥንና አንድ የማይነካ የብርጭቆ ቁምሳጥን አለው። ሳጥኑ ከቀረጻው በኋላ ከመኝታ ቤት ወጥቶ ሳሎኑ ጥግ ላይ እንደተቀመጠ ቀርቷል። ደባሱ አየው፤ አይቶም ከሶፋው አልፎ በሩ አጠገብ ካለችው ዱካ ላይ ተቀመጠ። የጽጌ ጾም ነውና ምሳው ሽሮና ጎመን ነው። ወለተ ሩፋኤል ለወንድሟ የምትለው ነገር ስለጠፋት እንጀራ ደጋግማ ትጨምርለታለች፤ እሱም የሚመልሰው ስለጠፋው ይበላል። እንዲህ ነው አሥራ ስምንት ዓመት የኖሩት፣ በተገናኙ ቁጥር እየተጎራረሱ። በመጨረሻ ወሬ የጀመረው ደባሱ ነው።

"ይማርዬ፣ አንቺን ባየሁ ቁጥር ያቺ ፈረንጅ ትዝ ትለኛለች። ማርጋሬት። ነፍስ ይማር፣ እንዴት ያለች ሰው ነበረች። ኩልመስክ በየዓመቱ ለነፍሷ ጧፍ እናበራለን። አባባ ያን ነገር የተናገሩኝ ጊዜ፣ 'ይሁን፣ አንዷ እንኳ ሰው ሆነችልን' እያልሁ የተጽናናሁት በሷ ነው።"

ጎመኑ ይማርሽን ትን አላት። ወለተ ሩፋኤል ውኃ አቀበለቻት። ይማርሽ ሳሉ ሲለቃት፣ ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ፣ "አያ ደባሱ" አለችው፣ "ፊልሙ ይቅርብህ። ተራ ነገር ነው፣ ልጅ የሠራው። ሻይ እየጠጣን እንጫወት።"

"የለም፣ የኔን ነገር ነው አሉ የሠራው። አሥራ ስምንት ዓመት ሰው ሲያወራው ሰማሁ፤ አንድ ቀን ደግሞ ልየው እንጂ" አለና እጁን ሊታጠብ ተነሣ። ያን ጊዜ መናገር ነበረባት። እህቷ ጎመን እያነሣች ነው፣ ሰውአገኝ ገመድና ሶኬት ይዞ ይሯሯጣል፣ አመቺ ጊዜ አልነበረም። አመቺ ጊዜ አሥራ ስምንት ዓመትም አልነበራትም።

ፊልሙ የሚታየው አንድ ሆቴል ውስጥ ነው፤ ባለቤቱ አዳራሹን በነፃ ሰጥቶታል። እንግዳ ከጠፋ ወዲህ ወንበሮቹ ቀሚሳቸውን ለብሰው ሰው ሲጠብቁ ነው የሚውሉት። ስክሪኑ የሆቴሉ ሁለት አንሶላ ተሰፍቶ ነው፤ መብራት ቢጠፋ ተብሎ ጄኔሬተር ውጭ ተቀምጧል። ካህናቱ ነጭ በነጭ ሆነው መጡ፣ አስጎብኚዎቹ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መጡ፣ የይማርሽ ተማሪዎች በመስኮት ሳይቀር ገቡ። እነ ይማርሽን ሰውአገኝ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጣቸው፤ ደባሱ መሐል፣ ሁለቱ እህቶቹ ግራና ቀኝ።

መቼም ልጁ ሥራውን ያውቃል። ሳጥኑ መጀመሪያ ሲጢጥ ሲል አዳራሹ ሳቀ፤ ብዙ ሰው ያን ድምፅ ያውቀዋል። ሁለተኛ ሲል የሳቀው ግማሹ ነው። ከተጠርጣሪዎቹ አንዷ፣ ጎረቤቲቱ፣ ሳጥኑ አጠገብ በዳበሳ ስትደርስ ከኋላ አንዲት ሴት "በስመ አብ" ስትል ተሰማ፤ ደሳለ ባለባጃጅ ሲያለቅስ የጎረቤት አህያ ከሩቅ አብራው ብታናፋም ልብ ያላት የለም። ሰውአገኝ ሰዉን ያን ድምፅ እንዲፈራ አስተማረው። በመጨረሻ፣ ሌባው ሊታይ፣ አንድ እጅ ብቻ ከጨለማ ወጥቶ ቁልፉን ከግድግዳ አነሣ። አባትየው ያንኮራፋሉ። ሰው ሁሉ ሲጢጥታውን እየጠበቀ ትከሻውን ሰበሰበ፤ ልጆች ጆሯቸውን ደፈኑ። ጉልበት ሳጥኑን ደገፈ። መዳፍ ክዳኑን ጫነ፣ ሳበ። ምንም ድምፅ አልተሰማም። ያ ዝምታ ከጩኸት ሁሉ ባሰ፤ የጄኔሬተሩ ዘበኛ ውጭ ሲያስነጥስ ሰው ከወንበሩ ዘለለ። ካሜራው ቀስ ብሎ ወደ ላይ ወጣ፣ የይማርሽ ፊት አንሶላውን ሞላው።

"ቲቸር ናት!" አለ አንድ ተማሪ ከመስኮት፤ አዳራሹ በጭብጨባ ፈረሰ። ሰው ከኋላ እየመጣ ትከሻዋን ያቅፋታል፣ "አቤት ትወና" ይላታል፣ "እኔ ይቺን ዝምተኛ መች ጠረጠርኋት" ይላታል። ወለተ ሩፋኤል እንኳ ተሸንፋ፣ በደባሱ ላይ ተሻግራ "አንቺ፣ ይኼን ሁሉ ከየት ተማርሽው?" አለቻት። ይማርሽ ማመን አቃታት። እውነቱ እንደዚያ ገዝፎ፣ እንደዚያ በርቶበት ታየ፣ የሚያውቀው ሰው ግን የለም። ዝም ካለች ሁሉም ነገር በዚሁ ትወና ሆኖ ሊያልፍ ነው። አንዴ እፎይ አለች፤ ውሸት አልናገርም፣ የምር ደስ አላት። ከዚያ ወደ ደባሱ ዞር አለች።

ደባሱ አላጨበጨበም። ዓይኑ ስም የሚያልፍበት አንሶላ ላይ ነው። የግራ ጉልበቱን ወደፊት ገፋ አደረገ፣ ቀኝ መዳፉን አየር ላይ ወደ ታች ጫን፣ ወደ ራሱ ሳብ አደረገ። ደገመው። ገበሬ አዲስ ዕቃ ሲያይ እንደሚያደርገው፣ እንዴት እንደሚሠራ በእጁ ያጠናል። ሦስተኛ ሊደግመው ሲል እጁ መንገድ ላይ ቆመ። ፊቱን አዙሮ አያት። 

ሰውአገኝ ማይክ ይዞ ወጣና "አስተያየት ያላችሁ" አለ። አንድ ዲያቆን ተነሥቶ ፊልሙን አመሰገነ፣ ካሜራውን አመሰገነ፣ ከዚያ "አንድ ቅር ያለኝ" አለ። "በእውነተኛው ታሪክ መስቀሉን የወሰደው፣ ሁላችንም እንደምናውቀው፣ ወንድ ልጁ ነው። ለምን ተቀየረ?" አዳራሹ በስሱ ሳቀ፤ ክፋት የለውም ሳቁ፣ የለመደ ሳቅ ነው። ሰውአገኝ አጎቱን እያየ "ያው... ሰው እንዳይገምት ነው" ብሎ ተንተባተበ። ደባሱ ጋቢውን ወደ ላይ ሰብስቦ ጭኑን አየ። ይማርሽ ተነሣች። ማይኩን ከሰውአገኝ እጅ ወሰደች።

"ማርጋሬት የምትባል ፈረንጅ የለችም" አለች። "ኖራም አታውቅም።"

ሰው ተያየ። ሁለት ሦስት ተማሪ የፊልሙ ቀጣይ መስሏቸው አጨበጨቡና በራሳቸው ጊዜ ተዉት። ከደባሱና ከወለተ ሩፋኤል በቀር ማንም አልገባውም፤ እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች። "ደሴ የተማርሁት በዚያ መስቀል ነው" አለች ይማርሽ፣ በክፍል ድምፅዋ፣ ኋላ ያለው እንዲሰማ። "አሁን ያያችሁት ትወና አይደለም። ሳጥኑን ዝም የሚያሰኝ አያያዝ አለው፤ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። አባባ አጠገቡ ተኝተው ከፈትሁት፤ አልሰሙም። ከሳጥኑ ጋር ቤት የቀረው ደባሱ ብቻ ነው ያሉት ባለማወቅ ነው። አያ ደባሱ አልነካም። እያወቅሁ አሥራ ስምንት ዓመት ዝም አልሁ። የፈራሁት መጀመሪያ አባባን ነበር፤ እሳቸው ሲያልፉ ደግሞ እናንተን።" 

ደባሱ ተነሣ። ጋቢውን አስተካከለ፣ መጣ፣ ማይኩን ከእጇ ወስዶ እንደ ጧፍ በሁለት እጁ ያዘው። ይማርሽን አላያትም።

"ደባሱ ገብረመስቀል እባላለሁ" አለ። "ያኔ ሰንበቴው ላይ የነበራችሁ፣ አላችሁ?"

ከካህናቱ መሐል አንድ እጅ ወጣ። ቀስ ብሎ ሌላ። በጠቅላላው ሰባት ሰው እጁን አነሣ፣ ሁሉም ሽማግሌ፤ ያ ዲያቆን ያኔ ሕፃን ነበርና አንገቱን ደፋ። ደባሱ አንድ በአንድ አያቸው።

"እንግዲህ ሰምታችኋል" አለና ማይኩን መልሶ በመሐል መተላለፊያው ወጣ።

ይማርሽ መናኸሪያ ድረስ ከኋላው ሄደች። እሱ ቀደመ፣ እሷ ተከተለች፤ ዳገቱን ወረዱ። ያገኟቸው ሁሉ ሰላም ይላሉ፣ ደባሱ ጎንበስ እያለ ይመልሳል። የኩልመስክ የመጨረሻው ሚኒባስ ሊሞላ ሁለት ሰው ቀርቶታል። ደባሱ መስኮት አጠገብ ገብቶ ሲቀመጥ የደሳለ ባጃጅ እያለከለከ ደረሰ፤ ሰውአገኝ ካሜራው አንገቱ ላይ እንዳለ ዘሎ ወረደ። ይቅርታ ሊል ነበር፤ ደባሱ ቀደመው።

"ቀርጸኸዋል?"

"ምኑን፣ አጎቴ?"

"ያለችውን።"

ሰውአገኝ ካሜራውን ዳሰሰ። "ሠርግ ቀራጭ ነኝ፤ ሰው እስኪበተን አላጠፋም።"

"እንግዲያ ፊልምህ አላለቀም። ያለችውን ጨምርበትና ኩልመስክ አምጣው፣ በገበያ ቀን። እዚያም የሰሙ አሉ።"

ይማርሽ መስኮቱን ያዘች። ይቅር በለኝ ልትል አስባ፣ ቃሉ በጣም ትንሽ ሆነባትና "እኔስ ልምጣ?" አለች። ደባሱ ካዳራሹ ከወጡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አያት፤ ዓይኑ ቀልቷል፣ የቁጣ ይሁን የሌላ እሱም ያወቀ አይመስልም። ሾፌሩ ሞተር አስነሣ።

"ነዪ" አለ። "ለባለቤቴ ራስሽ ንገሪያት። ለማርጋሬት በየዓመቱ ጧፍ የምትገዛው እሷ ናት።"